ጀርመንኛ ዳር ዳር አያውቅም

አሁንም ድረስ «ጉተን ታግ» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰላምታው ራሱ ምንም አላደረገኝም። የሚያንገበግበኝ ከገዛ ባሌ ጋር በአንድ ጣሪያ ስር ለመኖር ስሜን በባዕድ አፍ ፊደል በፊደል መቁጠር፣ ዕድሜዬን መናገር፣ ትርፍ ሰዓቴን በምን እንደማሳልፍ ለማላውቀው ሰው ማስረዳት የነበረብኝ መሆኑ ነው። ትርፍ ሰዓት! ልብስ አጥቤ፣ የተማሪ ፈተና አርሜ፣ ልጅ አስተኝቼ የምን ትርፍ ሰዓት? ቆርበን የተጋባን ሰዎች ነን። ቄስ የባረኩትን ትዳር ኤምባሲ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠች አንዲት ሴት «መጀመሪያ የቋንቋ ፈተናውን ይለፉ» ብላ አቆመችው።

ባሌ ለትምህርት ሄዶ እዚያው ጀርመን አገር ሥራ ይዞ የቀረ ሰው ነው። ሲሄድ ልጃችን ገና ሆዴ ውስጥ ነበረች። አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው፤ ያውም ኔትወርክ ሲኖር። ኔትወርክ በጠፋባቸው በእነዚያ ረጃጅም ወራት ጭራሽ አታውቀውም ነበር። መስመሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ፊቱ ስልኬ ላይ ብቅ ሲል «ይሄ ማነው?» አለችኝ። እሱም ሰማት። ያን ቀን ነው ቆርጬ የተነሳሁት። ፈተናውን አልፋለሁ፣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፣ አባቷ ጉልበት ላይ አስቀምጣታለሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ጀርመንኛ የምንማረው ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አስተማሪው አፉን ሲያንቀሳቅስ እናያለን እንጂ የሚለውን አንሰማም። አስተማሪው አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ልጅ እግር ነው፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። ግን ሁሉን ነገር የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው። «በእንግሊዝኛ እንዲህ እንላለን፤ በጀርመንኛ ግን እንዲህ ነው» ይላል። ማነው እንዲህ የሚለው? አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ከቁይ ከተማ የመጣችው ሴት ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ሱቅ የያዘች እናት ናት። ባሏ እንደኔ ባል እዚያው ነው። ይህቺን ሴት ጀርመንኛ ለማስተማር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ በኩል ማዞር፣ ከማርቆስ እዚሁ አጠገባችን ያለችው ይጁቤ ለመድረስ በባሕር ዳር በኩል እንደመሄድ ነው።

እኔ ደግሞ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ይጁቤ ነው፤ ማርቆስ ያመጣኝ ትዳር ነው። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ እያልኩ ስንቱን ልጅ አሳድጌያለሁ። ስለዚህ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ «ኢሽ ትሪንከ ቫሰር» ብሎ ጽፎ «ባለቤቱ መጀመሪያ፣ ግሱ ሁለተኛ፣ ሌላው በኋላ፤ ልክ እንደ እንግሊዝኛ» ሲል እጄን አውጥቼ በአማርኛ ንገራቸው አልኩት። «እኔ እጠጣለሁ ውሃ» ማለት ነው በላቸው። እኛ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ጆንያ አፉን ነው የምናስረው፤ እስኪሞላ ድረስ ምን እንዳለበት አይታወቅም። እነሱ ግን እንደ ሴት ቀሚስ ወገቡን በመቀነት ያስራሉ። ከፊት ምንም ይምጣ ምን፣ «እኔ» ይቅደም «ነገ» ይቅደም፣ መቀነቱ ከወገቡ አይነቃነቅም። «ሞርገን ኮመ ኢሽ»፣ ነገ እመጣለሁ እኔ። የቁይዋ ሴት «እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ግስ ቦታ ስታ አላየኋትም።

ሌላ ቀን ደግሞ «ቫይል» የምትል፣ እንደኛ «ስለ» ያለች ቃል መጣች። «ይቺ በጣም ከባድ ናት፤ ከሷ በኋላ ግሱ መጨረሻ ይሄዳል፤ ለሁሉም ሰው እንግዳ ነገር ነው» አለን። ለማነው እንግዳ? «ባሌ እዚያ ስለሚሠራ» ስንል ግሳችን የት ነው ያለው? መጨረሻ ነው። እናቶቻችን ከወለዱን ጀምሮ መጨረሻ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ስለ እኛ ሰምቶ አያውቅም፣ ይሁን። ግን የእኛው ልጅ በእኛው አገር ቆሞ የገዛ አፋችንን እንግዳ ሲያደርግብን ዓይኔ ደም ለበሰ። ያን ቀን ተናግሬው ወጣሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ ገባሁ፤ ሌላ የት እሄዳለሁ?

የምኖረው ከአማቴ ጋር ነው። ባሌ አንድ ልጃቸው ነው፤ ብቻቸውን ያሳደጉት። ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ። ልጄን ያዘለ፣ ያጠበ፣ ሲያማት ጠበል የወሰደ ጀርባ የእሳቸው ነው። ግን በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ነገር በቀጥታ ተጠይቆ አያውቅም። ልጄ ብለው ስለሱ ሲጨነቁ እንኳ «እዚያ አገር ወጡን ማን ይሆን የሚሠራው?» ይላሉ፤ «ልጄ ብቻውን ነው የሚበላው፣ ሄደሽ አብረሽው ሁኚ» አይሉም። እኔም ያው ነበርኩ። ጎረቤት ወንፊት ልዋስ ስሄድ መጀመሪያ ቁጭ እላለሁ። ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፣ ስለ ላሟ እጠይቃለሁ፣ የሷ እናት እግራቸውን ተሻላቸው ወይ እላለሁ። ከዚያ «ዛሬ ደግሞ ዱቄቱ ገለባ በዝቶበታል» እላለሁ። ወንፊቱን እሷ ናት አንስታ የምትሰጠኝ። «ወንፊት ስጪኝ» ብዬ ከበር ብጠይቃት ትሰጠኝ ይሆናል፤ ግን ማታ ለባሏ «የዚያች ሴት ነገር ምን ነካት?» ትለዋለች።

ከዚህ አስተዳደግ የመጣን ሁለት ሴቶች ነን እንግዲህ፣ እኔና የቁይዋ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ሰሞን ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ለፈተና የገባነው። ማዳመጡ ላይ ድምፁ ፈጠነብኝ፤ ንግግሩ ያነሳኛል ብዬ ተጽናናሁ። ንግግሩ ላይ ተፈታኞች ይቀመጣሉ፣ ሥዕል ያለበት ካርድ ያነሳሉ፣ በሥዕሉ ላይ ያለውን ነገር አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፣ ያም ይመልሳል። ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ነጭ ሴት፣ አንዱ የእኛው ሰው።

የቁይዋ ካርድ ላይ የውሃ ብርጭቆ ነበር። ወደኔ ዞረችና በጀርመንኛ ሰላም አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ባሌ ደህና መሆኑን ጠየቀች፤ ደህና ነው አልኩ፤ የሷንም ጠየቅሁ። ልጄን ጠየቀች። አማቴን ጠየቀች። ሁሉም ግስ ቦታው ላይ ነው፤ አስተማሪያችን ቢሰማ በኮራ። ነጯ ሴት ካርዱን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ያኔ የቁይዋ ፈራ ተባ እያለች «ዛሬ ሞቃት ነው» አለች፤ «ቫሰር» ብላም አጉተመተመች። ሰው ውሃ ጠምቶት ምን ይወራል? ከቦርሳዬ የውሃ ኮዳዬን አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላ ተጎነጨች፤ አመሰገነችኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፋችን እንዲወጣ ይጠብቁ የነበሩት ፈታኞች ተያዩ።

የኔ ካርድ እስክሪብቶ ነበር። ምን እንዳልኩ ዛሬም በቃሌ አለ። «ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ። ቤቴ ሩቅ ነው። እስክሪብቶ የለኝም» አልኳት በጀርመንኛ፣ አንዲት ፊደል ሳላዛንፍ። ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። የቁይዋ ወዲያው እስክሪብቶዋን አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እኔም ከወንበሬ ብድግ ብዬ ተቀበልኳት። እኛ እኮ ተግባብተናል! ሁለት ሴቶች በሰው ቋንቋ አንዳቸው የሌላዋን ችግር ሳይጠያየቁ ተረድተው ጨረሱ። ነጯ ሴት ግን «ጥያቄውስ?» አለች። የእኛው ሰው አንገቱን ደፋ፤ ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ አልተናገረም።

ሁለታችንም ወደቅን። መልሱን የሰማነው እዚሁ ማርቆስ ሆነን ነው። የቁይዋ «ምን አጠፋን?» አለችኝ። ለአስተማሪው የሆነውን ስነግረው ሳቀ። «ጥያቄ አልጠየቃችሁማ! በቀጥታ ስጪኝ፣ ትችያለሽ ወይ፣ እንዲህ ነው የሚባለው። መልሱም እሺ ወይ አይሆንም ነው» አለኝ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ግልጽ ነው ብዬ ነዋ።»

«ለማነው ግልጽ? አንተስ እናትህን እንዲህ ትጠይቃለህ?»

ሳቁ ጠፋ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ እየቀያየረ ባለቤትና ተሳቢ ሲያሰምርብን የከረመ ሰው፣ ከቤታችን ይዘን የገባነውን ነገር አላየውም። የራሱም ቤት ስለሆነ ነው መሰለኝ ያላየው። የቁይዋ ሴት ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። ሱቋን ከፍታ ተቀመጠች፤ ባሏን «አንተ ና» ብላዋለች ሲባል ሰማሁ። እኔ ግን እልህ ያዘኝ።

ያን በጋ መጠየቅ ተማርኩ። የጀርመንኛ ጥያቄ ግሱን ከፊት ያስቀድማል። «ኮምስት ዱ?»፣ ትመጣለህ አንተ? ገና አፍህን ስትከፍት ነገሩ ተዘርግፏል፤ የምትደበቅበት ቦታ የለም። ልጄን ፊቴ አስቀምጬ ማንኪያውን፣ ሳሙናውን፣ ጫማውን እንድትሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ እሷም እሺ ወይም አይሆንም ትላለች። «አይሆንም» ማለቱን ወደደችው። አማቴ በር ላይ ቆመው ያዩናል። «ይቺ ልጅ እንዲህ ሰው ፊት አይሆንም ማለት ለመደች እኮ» አሉ አንድ ቀን። አልተቆጡም። ግን ከጎጆዋቸው አንድ እንጨት የተነቀለ ያህል ነበር አተያያቸው።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ጎኔ የተቀመጠው የማላውቀው ወጣት ነበር። ሰላም እንኳ ሳልለው «ወንበሩን ትሰጠኛለህ?» አልኩት። ፊቴ ጋለ፤ ባለጌ የሆንኩ መሰለኝ። ነጯ ሴት በደስታ ራሷን ነቀነቀች። አለፍኩ።

ማለፌን የነገርኳቸው ጊዜ አማቴ «ተመስገን» አሉና ምስር መልቀማቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ይዞር ጀመር። «እዚያ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉ» ይላሉ አማቴ። «ልጅቷ እዚህ ትምህርት ቤቱን ለምዳዋለች» ይላሉ ሌላ ቀን። «የሰው አገር ያደገ ልጅ አያቱን በምን አፍ ያናግራል?» ባሌም ስልክ ላይ ነገሩን ዳር ዳር ይለዋል። «መጀመሪያ አንቺ መጥተሽ ኑሮውን ታይዋለሽ» ይላል። «ኮምስት ዱ» ይለኛል እየሳቀ፤ ሁሌም አንቺ፣ ሁሌም ነጠላ ቁጥር፤ «ትመጣላችሁ» አይልም። ለጨዋታ ነው ብዬ አለፍኩት። ሆዴ ግን አላለፈውም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች መጡ። የአማቴ የንስሐ አባትና ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ የሰፈሩን ጠብና ጋብቻ ሁሉ የሚጨርሱ ሁለት የተከበሩ ሰዎች። መስቀል ተሳለምኩ፣ ወንበር ሰጠሁ፣ ጠላ ለቄሱ፣ ለስላሳ ለሐጂ ቀዳሁ። አማቴ ጓዳ ገቡ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይቀመጥም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለጋብቻ ልጅ ልትጠየቅ ሽማግሌ እንደሚላክ ሁሉ፣ እኔ ቤት የተላኩት ልጄን ሊጠይቁኝ ነው።

ቄሱ ስለ ዝናቡ ጀመሩ። ከዝናቡ ወደ አዝመራው፣ ከአዝመራው እግዚአብሔር በፈተናው ስለረዳኝ፣ ከዚያ እናትን ስለማክበር ከመጽሐፍ ጠቀሱ። ሐጂ ተቀበሉና ስለ ብቸኝነት፣ ባዶ ቤት ውስጥ ስለሚያረጅ ሰው፣ ትልቁ ዛፍ ሲወሰድ ሥር ስለሚቀር ችግኝ አወሩ። የሚያምር ንግግር ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጭ ብዬ አጣጥመው ነበር። ደንቡ መጨረሻው እስኪመጣ አንገት ደፍቶ መጠበቅ፣ ሲመጣም «እናንተ ካላችሁ» ማለት ነው። እናቴም እንዲህ ብላ ነው የተዳረችው። እኔ ግን አንገቴ አልደፋ አለኝ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ልጄን ትቼ እንድሄድ ነው የተላካችሁት?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ኧረ ልጄ፣ ነገር እንዲህ አይወረወርም» አሉ።

«መተው አይባልም» አሉ ሐጂ ለስለስ ብለው፤ «እስክትደላደሉ ነው። ባልሽም እኮ ተስማምቶበታል።»

ተስማምቶበታል! ጆሮዬ ጮኸ። ስንት ጊዜ «ልጄ ናፈቀችኝ» ያለው ሰው። እኔ በሰው አገር ቋንቋ ስሜን ስቆጥርለት፣ ዓባይን ስወርድ ስወጣ፣ እሱና እናቱ በስልክ ልጄን ተካፍለዋታል። ያውም ማንም አልሰረቀኝም፤ ሁሉም በወጉ፣ በአክብሮት፣ በምርቃት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ነው ሰውን የሚገድለው። ብትጮሂ ያበድሽው አንቺ ነሽ።

ስልኩን አነሳሁና እነሱ ፊት ደወልኩ፤ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ አደረግሁት። ዕድሌ ሆኖ ኔትወርክ ነበር። ባሌ እንደልማዱ ጀመረ። «እንዴት ናችሁ? እናቴስ? ዝናቡ ጣለላችሁ?»

«ኮምት ዳስ ኪንት ሚት?» አልኩት። ልጅቷ አብራኝ ትመጣለች?

«ምነው፣ ሰው አለ እንዴ?» አለ በአማርኛ። «ነገሩ እኮ አንቺ እንዳሰብሽው ሳይሆን፣ እናቴም ብቻዋን፣ እንግዲህ…»

ጆንያው ገና አልታሰረም። በአማርኛ እስኪታሰር ብጠብቀው እስከ ማታ ይሞላዋል። «ያ ኦደር ናይን?» አልኩት። አዎ ወይስ አይደለም?

ሽማግሌዎቹ እኔንና ስልኩን እያፈራረቁ ያያሉ። የተናገርኩት ባይገባቸውም አነጋገሬ ገብቷቸዋል።

«ናይን» አለ ባሌ። ቀጥሎ አንድ ሁለት ነገር ጨመረ፤ ገና ነው፣ ለጊዜው ነው፣ ምናምን። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያዋን ቃል ነው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ በቀጥታ የተነገረኝ መልስ ያ ብቻ ነው።

«ዳን ኮመ ኢሽ አውኽ ኒሽት» አልኩትና ዘጋሁት። ዓረፍተ ነገሬ አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ ፈታኟ ብትሰማኝ ራሷን በነቀነቀች።

«ምን አልሽው ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«እንግዲያው እኔም አልመጣም አልኩት።»

የጓዳው መጋረጃ ተነሳና አማቴ ወጡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፤ እጃቸው ላይ የሽሮ ዱቄት አለ። ሽማግሌ የላከ ሰው ነገሩ ሳያልቅ እንደማይወጣ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጅቷ እንድትቀርላቸው ለምነው ነበር፤ ይኸው ቀረች። እኔም ቀረሁ። እዚያ ማዶ ብቻውን የሚበላው ማን እንደሆነ ግን ጓዳ ሆነው አስበውታል። ፊቴ መጥተው ቆሙ። ስለ ብርዱ አላነሱም፣ ስለ ዝናቡ አላነሱም።

«ልጄስ?» አሉኝ።

«የኔስ?» አልኳቸው።